የአሮጌ ሞተር መጋዝ ዘይት ባሩ ላይ አልደርስ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ የሚመጡት አሮጌ ሞተር መጋዞች አብዛኞቹ ሞተራቸው ጤነኛ ነው። አንድ ሁለቴ ሲሳቡ ይነሳሉ፣ ጉልበታቸውም አልደከመም። የታመሙት በዘይት ነው፤ ካቴናውንና ባሩን (ጥርሳሙን ሰንሰለትና እሱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት) ማራስ የነበረበት ዘይት መንገድ ላይ ቀርቷል። ባለቤቱ ግን "ፖምፓው ሞቷል" ብሎ ፈርዶ፣ አንዳንዴም ራሱ ፈትቶት፣ ሞላዋንና ትንሿን የብረት ኳስ በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከድሬዳዋም ከሐረርም ግንድ የሚቆርጡ፣ ጣውላ የሚሰነጥቁ ወንድሞች በየጊዜው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቼ ሁሉ የሚያጠነጥኑት አንድ ነገር ላይ ነው፦ መጀመሪያ የዘይቱን መንገድ፣ በመጨረሻ ፖምፓውን። የተዘጋ ቀዳዳ በሽቦ ይከፈታል፤ ያለ አግባብ የተፈታ የአሮጌ መጋዝ ፖምፓ ግን ምትኩን ማግኘት ጭንቅ ነው።

ዘይቱ ባሩ ላይ መድረሱን በምን አውቃለሁ?

ቀላሉ ማረጋገጫ ካርቶን ነው። ንጹሕ ካርቶን መሬት ላይ አንጥፉ፣ ሞተሩን አስነሱ፣ የባሩን ጫፍ ከካርቶኑ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ካቴናው መሬት እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከዚያ በደንብ ነዳጅ ስጡት። ካርቶኑ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር ከተሰመረ ዘይቱ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁት ካርቶኑ ደረቅ እንደሆነ ከቀረ አይደርስም።

ሌላው ማረጋገጫ ሁለቱን ሰልባትዮዎች፣ የቤንዚኑንና የዘይቱን ማጠራቀሚያ፣ ማመሳከር ነው። ፋብሪካዎች የሚሠሯቸው አንድ ሙሉ ቤንዚን ሲያልቅ ዘይቱም ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው እንዲወርድ አድርገው ነው። ቤንዚኑ አልቆ ዘይቱ ገና ከግማሽ በላይ ከሆነ መጋዙ እየተጠማ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ወይ ፖምፓው ከልክ በላይ ተከፍቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል።

ከዚህ ውጪ ዓይንና አፍንጫም ይናገራሉ። ግንዱ እየተቆረጠ ከባሩ ጭስ ይወጣል፣ የባሩ ጠርዝ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፣ ካቴናው በሥራ መሃል ይረግብና ደጋግማችሁ ትወጥሩታላችሁ። ካቴና በሙሉ ነዳጅ በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ሜትር ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት ብረት ብረትን ያለ ዘይት ሲፈገፍግ አንድ ቀን ሥራ ባሩን ለመጨረስ ይበቃል።

ዘይት የለም። ከየት ልጀምር?

የካንዴላውን ገመድ ከመንቀል። ብዙ አሮጌ መጋዞች የካቴና ፍሬን የላቸውም፤ የተሠሩት ፍሬን ከመለመዱ በፊት ነው። ስለዚህ እጃችሁ ካቴናው አጠገብ ባለበት ሰዓት ሁሉ ካንዴላው የተነቀለ ይሁን።

ቀጥሎ የጎን ክዳኑን ፈትታችሁ ባሩንና ካቴናውን አውጡ። ባሩ የሚቀመጥበትን ገጽ በደረቅ ጨርቅ አጽዱት። በሁለቱ ቪቴዎች አካባቢ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ረዘም ያለች ስንጥቅ ታያላችሁ፤ ዘይቱ ከሞተሩ አካል የሚወጣው በዚያች ነው። አሁን ገመዱን መልሱና ባርና ካቴና ሳይኖረው ሞተሩን አስነሱ። እጅና ልብስ ከፍሪሲዮኑ ይራቅ፣ ነዳጁም መካከለኛ ይሁን። ያችን መውጫ ብቻ ተመልከቱ።

ዘይት ብቅ ብሎ መፍሰስ ከጀመረ ፖምፓው ደህና ነው፣ ቱቦውም ደህና ነው፣ ችግሩ ባሩ ላይ ነው። ካልወጣ ችግሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ሰልባትዮው በኩል ነው። ይህ አንድ ሙከራ የድካማችሁን ግማሽ ይቀንስላችኋል፤ ይህን ሳያደርጉ ፖምፓ መፍታት የለም።

ችግሩ ባሩ ላይ ከሆነ፣ ባሩን ወደ ብርሃን ያዙት። ከግርጌው በላይና በታች ሁለት ትንንሽ የዘይት ቀዳዳዎች አሉ፤ ከካቴናው ቦይ ጋር የሚገናኙ ናቸው። ብርሃን ካላሳለፉ ተደፍነዋል። የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ከሙጫውና ከአሮጌ ዘይት ጋር ሲቦካ ጥቁር ሆኖ ይደርቃል፤ በጥፍር አይነቀልም። በቀጭን ሽቦ ውጉት፣ ቦዩን ደግሞ በተሰበረ የሲጌቶ ምላጭ ከግርጌ እስከ ጫፍ ጥረጉት። የወጣውን ቆሻሻ እዩት፦ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይት ይደርስ ነበር፤ ቡናማና ደረቅ ዱቄት ከሆነ ባሩ ከርሟል ያለ ዘይት።

ባሩን ስትመልሱ የላዩን ወደ ታች ገልብጣችሁ ግጠሙት። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ጠርዝ እኩል ይበላል፣ ሁለቱም ቀዳዳ በየተራ ይሠራል።

ሁሉንም አጸዳሁ፤ ዘይቱ ግን ባሩ ውስጥ ከመግባት ይልቅ በሞተሩ ሥር ይንጠባጠባል።

ቀጭኗን ቆርቆሮ ፈልጉ። በባሩና በሞተሩ አካል መካከል የምትገባ፣ የዘይት መውጫውን ከባሩ ቀዳዳ ጋር የምታገጣጥም ስስ የብረት ንጣፍ በብዙ አሮጌ ሞዴሎች ላይ አለች። ካቴና ሲቀየር ትወድቃለች፣ ከሰጋቱራ ጋርም ተጠርጋ ትጣላለች። እሷ ከሌለች ባሩ ከአካሉ ጋር አይገጥምም፣ ዘይቱም በክፍተቱ ይፈሳል። ጎበዝ ቆርቆሮ ሠሪ ልኩን ካገኘ በደቂቃዎች ይቆርጣታል፤ ውፍረቷ ግን ከፋብሪካዋ እንዳይበልጥ፣ አለበለዚያ ካቴናው ከሚያዞረው ጥርስ፣ ከፒኞኑ፣ ጋር መስመር ይስታል።

ባር ከቀየርኩ ወዲህ ነው ዘይት የጠፋው።

የአንዱ ፋብሪካ ባር የሌላው መጋዝ ላይ በቪቴ ስለገባ ብቻ ገጥሟል ማለት አይደለም። የዘይት ቀዳዳው ከመውጫው ጋር ላይገናኝ ይችላል። ለማረጋገጥ የመውጫውን ዙሪያ በግራሶ ቀቡ፣ ባሩን ግጠሙና አጥብቁ፣ መልሳችሁ ፍቱ። ግራሶው ባሩ ላይ ያተመው ምልክትና የባሩ ቀዳዳ ካልተገናኙ መልሱን አገኛችሁ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ከቀዳዳው እስከ ምልክቱ ትንሽ ቦይ በመሞረጃ ድንጋይ መክፈት ይቻላል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ባሩን መልሱና የሚስማማውን ፈልጉ።

የካቴናውንም ውፍረት እዩ። በ1.6 ሚሊ ሜትር ቦይ ውስጥ 1.3 ሚሊ ሜትር ካቴና ከገባ ወደ ጎን ያጋድላል፣ ዘይቱንም ይዞ መሄድ አይችልም።

ሥራ ስጀምር ዘይት ይሰጣል፣ ቆየት ሲል ይደርቃል። አሳርፌው ስመለስ ደግሞ ይሰጣል። ምንድነው?

ይህ ምልክት ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው፦ የሰልባትዮው መተንፈሻ። ዘይት ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት። አየር የሚገባባት ቀዳዳ ከተደፈነች ሰልባትዮው ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ፖምፓው ይስባል፣ ዘይቱ ግን እምቢ ይላል። ሲያርፍ አየሩ ቀስ ብሎ ስለሚሰርግ እንደገና ይሠራል።

ማረጋገጫው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዘይቱ በደረቀበት ሰዓት ሞተሩን አጥፉና የዘይት ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አላሉት። "ፍስስ" ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበ፣ ስታስነሱትም ዘይት ከተመለሰ፣ ተይዟል።

መተንፈሻዋ በአንዳንዱ መጋዝ ክዳኑ ውስጥ ናት፣ በሌላው ሰልባትዮው አካል ላይ የተሰካች ትንሽ የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በአፍ ወይም በቀስታ አየር ንፉባት። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ችግር ከሐረር ይልቅ ይበዛል፤ አቧራው ደቃቅ ነው፣ ዘይት ያረሰው ክዳን ላይ ይለጠፋል። ዘይት ከመሙላታችሁ በፊት የክዳኑን ዙሪያ መጥረግ ትልቅ መድኃኒት ነው። ክዳኑን በትራፓኖ መብሳት ግን አይሆንም፤ ከቀዳዳው ዘይት ይወጣል፣ አቧራ ይገባል፣ የገባውም አቧራ ወርዶ ፖምፓውን ይበላል።

መውጫው ላይ ምንም ዘይት የለም፣ መተንፈሻውም ንጹሕ ነው።

እንግዲህ ቱቦውና ማጣሪያው ቀርተዋል። ዘይቱን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ቅዱና ሰልባትዮውን በባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ። ግርጌው ላይ ዝቃጭ ካለ በነጭ ጋዝ ደጋግማችሁ አንቀሳቅሳችሁ እጠቡት። ማጣሪያዋን በተጠመዘዘ ሽቦ ጎትታችሁ አውጡ። ዝቃጭ ከለበሳት በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትጸዳለች።

ቱቦውን በጣታችሁ አጠፍ አድርጉት። ዘመን የጠገበ ጎማ ይደርቃል፣ ሲታጠፍም ስንጥቆቹ ይከፈታሉ። በስንጥቁ በኩል አየር ስለሚስብ ፖምፓው ዘይት ማንሳት ያቅተዋል፤ ሰልባትዮው ሲሞላ ስንጥቁ በዘይት ተሸፍኖ ይሠራል፣ ዘይቱ ወደ ግማሽ ሲወርድ ያቆማል። ይህን ከመተንፈሻው ችግር መለየት ቀላል ነው፤ ክዳኑን ማላላት ለውጥ አያመጣም።

ምትኩን ስትፈልጉ የባጃጅ ወይም የሞተር ሳይክል የቤንዚን ቱቦ ይሆናችኋል፤ ውስጡ ካለው ጋር እኩል፣ ውጪው በቀዳዳው ጠበቅ ብሎ የሚያልፍ ይሁን። የግሉኮስ ቱቦ አትጠቀሙ። ሲገባ ለስላሳና የሚያምር ነው፤ ዘይት ውስጥ ሲከርም ግን እንደ እንጨት ይደርቅና ከአንገቱ ይለቃል።

ቱቦው ከተስተካከለ በኋላ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ዘይት ሞልታችሁ በቱቦው በኩል ወደ ፖምፓው ቀስ ብላችሁ ግፉ። ባዶውን የከረመ ፖምፓ አየር ስለያዘ ብቻ ዘይት አልስብ ይላል፤ በዚህ መንገድ ሲሞላ ብዙ "ሞተ" የተባለ ፖምፓ ይነሳል። የኮምፕሬሰር አየር በሙሉ ኃይል አትልቀቁበት፤ ዘይቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትዘጋውን ትንሿን ኳስ ከመቀመጫዋ ያወጣታል።

የኔ መጋዝ በአውራ ጣት የሚጫን የዘይት ቁልፍ አለው። እሱስ?

ይህ ከሁሉም ቀላሉና ጠንካራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሆምላይት ኤክስኤል-12 የዚህ ዓይነት ነው፤ ብዙ የማኩሎክ ሞዴሎችም እንዲሁ። ፖምፓው እናንተ ናችሁ። ካልተጫነ አይሰጥም፤ እየቆረጣችሁ በየጥቂት ሰከንዱ፣ ወፍራም ግንድ ላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ መጫን አለበት። አውቶማቲክ የለመደ ሰው ከአጎቱ የወረሰውን እንዲህ ያለ መጋዝ ይዞ ይወጣና ቁልፉን ሳይነካ ሲቆርጥ ውሎ ባሩን አቃጥሎ ይመለሳል። መጋዙ ምንም አልሆነም።

ብልሽቱን አውራ ጣታችሁ ይነግራችኋል። ሲጫን መጠነኛ ተቃውሞ ኖሮት፣ ሲለቀቅ በራሱ ከተመለሰ ጤነኛ ነው። ያለ ምንም ተቃውሞ ከገባ ወይ ዘይት የለም፣ ወይ አየር እየሳበ ነው፣ ወይ የፒስተኗ ጎማ ቀለበት አልቋል። ድርቅ ብሎ አልገባ ካለ ወደ ባሩ ያለው መንገድ ተደፍኗል። ገብቶ ካልተመለሰ ሞላው ደክሟል ወይም ዘንጉ ላይ ዝገትና ሙጫ አለ። ተጭኖ ሲለቀቅ ዘይቱ ወደ ሰልባትዮው እየተመለሰ ከሆነ በትንሿ ኳስ መቀመጫ ላይ ቆሻሻ ተቀምጧል።

ኳሷን ስታወጡ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ላይ ይሁን፣ ከላይም በጨርቅ ሸፍኑት፤ ሞላዋ ትወረውራታለች። የመጡበትንም ቅደም ተከተል በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

አውቶማቲክ ፖምፓውን መቼ ነው መፍታት ያለብኝ?

ከላይ ያለው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ። አሠራሩን ማወቅም ይረዳል። በብዙዎቹ መጋዞች ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ላይ ወይም የፍሪሲዮኑ ከበሮ ላይ እንደ ቪቴ የተጠማዘዘ ጥርስ አለ። እሱ የፖምፓውን ትንሽ ፒስተን ጥርስ ይይዝና ያዞረዋል፤ ፒስተኑ እየዞረ ወደፊትና ወደኋላ ይላል፣ በእያንዳንዱ ምልልስ ጥቂት ዘይት ስቦ ይገፋል። በከበሮው የሚሠራው ዓይነት ካቴናው ሲቆም ዘይቱም ይቆማል፤ በዝግታ እየሠራ ዘይት ባይሰጥ ብልሽት አይደለም። በኮሎው የሚሠራው ግን ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ይሰጣል።

ሲፈታ መጀመሪያ የሚታየው ያ የተጠማዘዘ ጥርስ ነው። ብዙ ጊዜ ከፒስተኑ ለስላሳ ሆኖ ስለሚሠራ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ጥርሱ እንደ ምላጭ ከሳሳ ወይም ከተላጨ ይዞራል እንጂ አይዝም። ከበሮውን ከጥርሱ ጋር የምታገናኝ ቀጭን የሽቦ ክንድ ያለችባቸውም አሉ፤ እሷ ከተሰበረች ፖምፓው ምንም ሳይሆን ይቆማል። መቆጣጠሪያ ቪቴው ደግሞ ከታች ወይም ከጎን ይገኛል፤ ከመንካታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስንት ዙር እንደሚገባ ቆጥራችሁ ጻፉት።

ሌላ ዓይነትም አለ። በተለይ በአነስተኛ ሆምላይቶች ላይ ሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚከፈት የጎማ ምላስ በኩል ወደ ዘይት ሰልባትዮው ይገባና ዘይቱን ይገፋዋል። በዚህ ዓይነት የክዳኑ ጓርኒሲዮን ካረጀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ዘይትም አይወጣም፤ ለሌላው መጋዝ ክዳን ማላላት መፈተሻ ሲሆን ለዚህኛው በሽታ ነው። የጎማዋ ምላስ ከተቀደደች ዘይቱ ወደ ሞተሩ ይገባል፣ ሲነሳም በነጭ ጭስ ይሸፍናችኋል።

የትኛውን ዘይት ልጠቀም? ድሬዳዋና ሐረር ልዩነት አላቸው?

አላቸው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። በደንገጎ ዳገት በኩል ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ብቻ ቢለያቸውም ዘይት ልዩነቱን ያውቀዋል። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ቀጭን ዘይት እንደ ውኃ ይሆናል፤ ካቴናው ጫፉን ሲዞር ይወረውረዋል፣ የታችኛው ጠርዝ ሳይደርሰው ይቀራል። ሐረር ላይ በጠዋት ብርድ ያው ወፍራም ዘይት በቀጭን ቱቦ ለመውጣት ይለግማል።

ምርጡ ለባርና ካቴና ተብሎ የተሠራው ዘይት ነው፤ እንዲጣበቅ የሚያደርግ ቅመም ስላለው በቀላሉ አይወረወርም። ካልተገኘ አዲስ የሞተር ዘይት ይሠራል፦ ለድሬዳዋ 40 ቁጥር፣ ለሐረር 30 ቁጥር። ሐረር ላይ ከ40 ሌላ ካጣችሁ መጀመሪያ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቁት፤ የሞተሩ ሙቀት ሰልባትዮውን ያሞቀዋል። የካምቢዮ ዘይት 90 የሚሞሉ አሉ። በውስጡ ያለው የድኝ ቅመም የናስ ክፍሎችን ሊበላ ስለሚችል አልመክርም።

የምግብ ዘይት ብዙ ይጠየቃል። አውሮፓ ውስጥ ከጎመን ዘር የሚሠራ የካቴና ዘይት አለ፣ ስለዚህ ሐሳቡ ስህተት አይደለም። ችግሩ ያለው መክረሙ ላይ ነው። ኑግ አየር ሲያገኘው እየጠነከረ ወደ ሙጫነት የሚሄድ ዘይት ነው፤ ሁለት ወር የቆመ መጋዝ ውስጥ ኳሷንም ፒስተኑንም ያጣብቃል። የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ፈሶ ይሠራና ሐረር ሲያድር ይረጋል። ቸግሯችሁ የምግብ ዘይት ከጨመራችሁ በዚያው ቀን ማታ ቅዱት፣ በጥቂት የሞተር ዘይትም ፖምፓውን አሠሩት።

የተቃጠለ ዘይትስ? ሁሉም ይጠቀማል እኮ።

አትጠቀሙ። ከመኪና የወጣ ዘይት የብረት ብናኝ፣ ጥላሸትና አሲድ ተሸክሟል። ብናኙ በፖምፓው ጠባብ ቦታ ውስጥ ያልፋል፤ ማጣሪያዋ አትይዘውም። አሮጌ ፖምፓ ላይ ይህን ማድረግ ማሽኑን በገዛ እጅ መግደል ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የሰው ነገር ነው። ካቴና ዘይቱን በጭጋግ መልክ ይረጫል፤ ፊታችሁ፣ እጃችሁ፣ ሳንባችሁ ውስጥ ይገባል። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ካንሰር የሚያመጡ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ቆዳ ላይ ለዓመታት ደጋግሞ መነካቱ አደገኛ መሆኑ በደንብ የታወቀ ነው። የተቆረጠውም እንጨት ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ሰጋቱራውም ከብት የሚግጥበት መሬት ላይ ይቀራል። በአንድ ሊትር የሚተርፈው ገንዘብ ይህን ሁሉ አያካክስም።

ዘይቱ በደንብ ይደርሳል፤ ባሩ ግን አሁንም ይሞቃል።

ካቴናው ደንዟል ወይም ከመጠን በላይ ተወጥሯል። የሚወጣውን ሰጋቱራ እዩት፤ ፍርፋሪ ሳይሆን ዱቄት ከሆነ ሞረድ ያስፈልገዋል። በድሬዳዋ ዙሪያ የሚቆረጠው ግራርና ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ እሾሃማ ዛፍ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ጠጣር ነው፣ ካቴናን ቶሎ ያደነዝዛል።

ጎርፍ ያመጣው ግንድ ደግሞ ለብቻው ነው። ከድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ተጎትቶ የወጣ እንጨት ቅርፊቱ ሁሉ አሸዋ ነው። አሸዋው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ቦዩን ይሞርደዋል፤ ዘይት በጨመራችሁ ቁጥር አይሻለውም። ቅርፊቱን መጀመሪያ በመጥረቢያ ላጡት ወይም በውኃ እጠቡት።

መጋዙ ቆሞ ሲያድር ዘይቱን ያፈሳል።

ጥቂት ጠብታ ባሩ ውስጥ የቀረ ዘይት ነው፣ አያሳስብም። ሰልባትዮው ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆኖ የሚያድር ከሆነ ግን ሁለት ምክንያት አስቡ። አንዱ ሙቀት ነው፦ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወይም ፀሐይ ላይ ሲውል በሰልባትዮው ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ዘይቱን በፖምፓው በኩል ይገፋል። ጥላ ውስጥ አኑሩት፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ዘይቱን ቀድታችሁ አስቀምጡት። ሁለተኛው የማትገጥም ኳስ ወይም ያረጀ የፖምፓ ጓርኒሲዮን ነው። መጋዙን ደረቅ ካርቶን ላይ አሳድሩትና እድፉ የት እንዳለ ተመልከቱ፤ በባሩ ሥር ከሆነ ኳሷ፣ በፍሪሲዮኑ ሥር ከሆነ ጓርኒሲዮኑ ነው።

ዘይቱ ቀጥኗል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ወይ አንድ ሰው ክዳን ተሳስቶ ቤንዚን ሞልቶበታል፣ ወይ ሁለቱን ሰልባትዮዎች የሚለየው ግድግዳ ተሰንጥቋል። ሁለቱንም ቅዱ፣ ዘይቱን ብቻ ሞልታችሁ አሳድሩ። ጠዋት የቤንዚኑ ሰልባትዮ ውስጥ ዘይት ካገኛችሁ ግድግዳው ነው። እስኪጠገን ድረስ መጋዙ አይነሳ፤ በቤንዚን የተቀላቀለ ዘይት የጋለ ባር ላይ መርጨት ለእሳት መጋበዝ ነው።

ሰልባትዮው ተሰንጥቋል። በብየዳ ይያዛል?

ብየዳ ቤት እንዳትወስዱት። የብዙ አሮጌ መጋዞች አካል ማግኒዚየም ነው። አሉሚኒየም ይመስላል፣ ብዙ በያጆችም አሉሚኒየም ነው ብለው ይጀምራሉ። ማግኒዚየም ከተቀጣጠለ በነጭ፣ ዓይን በሚያጠፋ ብርሃን ይነዳል፤ ውኃ ሲደፋበትም ይብሳል። ጎኑ ያለው ደግሞ ቤንዚን የነበረበት ሰልባትዮ ነው። የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ እንጂ ውኃ እንዳልሆነ በሥራ ቦታችሁ ያለ ሁሉ ይወቅ።

ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ ከውጪ በሁለት ቱቦ የሚቀላቀል የብረት ሙጫ ይበቃል። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ በቤንዚን አጽዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፣ ቤንዚኑ ተኖ ካለቀ በኋላ ለጥፉና ሙሉ ቀን ይድረቅ። ሲሊኮን ዘይት ሲነካው ስለሚላቀቅ ጊዜ አታጥፉበት።

ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል። ቶርኖ ቤት ያሠራልኛል?

አብዛኛውን ያሠራል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከምድር ባቡር ጋር የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከባቡሩ ወርክሾፕ የወጣው የቶርኖ ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ዛሬም ይሠራበታል። የእጅ ፖምፓ ዘንግ፣ የፒስተን እጀታ፣ የክዳን ቪቴ፣ የቱቦ አንገት በናስ ወይም በብረት ይወጣሉ። የጎማ ቀለበት ከሃይድሮሊክ ዕቃ ሻጮች በልክ ይገኛል። ጓርኒሲዮን ከወፍራም የጓርኒሲዮን ወረቀት በመቀስ ይቆረጣል። የብረቷ ኳስ ከአሮጌ ኩሽኔታ ትወጣለች፤ ልኳ ግን ከቀድሞዋ ጋር አንድ መሆን አለበት።

የሚያስቸግረው የተጠማዘዘው ጥርስ ነው። ጥሩ ባለሙያ ከናስ ያወጣዋል፣ ግን ያለቀውን ብቻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ የሚያወጣውም ያለቀ ቅርጽ ነው። አሮጌውን ጥርስ፣ የሚነካውን ፒስተንና የፖምፓውን ቤት ሦስቱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ፒስተኑ ላይ ብዙም ያልተነካ ጥርስ ካለ ልኩን ከዚያ ይወስዳል። ሲያልቅም እዚያው በእጃችሁ ገጣጥማችሁ አዙሩት፤ የትም ሳይዝ በእኩል ልስላሴ ሙሉ ዙር ካልዞረ አትረከቡት።